ዶሮ፣ ቢራና ሐሳብ

«ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይላል ያገሬ ሰው። ተረቱ ግን መንገዱ ስንት እንደሆነና የትኛው እንደሚያዋጣ አይነግረንም። ባለሀብት ወደ ሥልጣን ደጃፍ የሚደርስበት መንገድ ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም። አንደኛውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ለተመራጭ ገንዘብ መስጠት ነው። «ሰውየው ሲሾም ያስታውሰኛል፣ ስልኬን ያነሳልኛል» ብሎ መስጠት። ሁለተኛው ዘገምተኛ ነው፤ ጫጫታም የለውም። ተመራጩ የዛሬ አሥር ዓመት ተነሥቶ ለሚናገረው ቃል ከአሁኑ መክፈል ነው። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት የዚህን የሁለተኛውን መንገድ ታሪክ ነው።

ፈረንጆቹ «ቲንክ ታንክ» ይሉታል። ታንክ ሲባል እኛ ቶሎ ትዝ የሚለን ያ ሰንሰለት እግሩ፣ መንግሥት ሲለወጥ አስፋልት እየፈጨ የሚገባው ነው። የነሱ ታንክ ግን መድፍም ሰንሰለትም የለውም። ጥናት የሚጽፉ፣ ለጋዜጣ አስተያየት የሚልኩ፣ በቴሌቪዥን «ተንታኝ» እየተባሉ የሚቀርቡ ሰዎች የሚቀመጡበት ቢሮ ነው። መንግሥት በመለወጥ በኩል ግን ከዚያኛው ብዙም የሚያንስ አይመስለኝም። ታሪኩን ስሙትና ራሳችሁ ፍረዱ። በነገራችን ላይ ታሪኩ የፈረንጅ ስለሆነ ዓመቶቹንም በነሱው አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከዶሮው እንጀምር። አንቶኒ ፊሸር የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአየር ኃይል አብራሪ የነበረ፣ ወንድሙንም በዚያው ጦርነት በ1940 ያጣ ሰው ነው። በ1945 ጦርነቱ ሲያበቃ የእንግሊዝ ሌበር ፓርቲ ምርጫ አሸነፈና የድንጋይ ከሰሉን፣ ባቡሩን፣ ሌላውንም ወደ መንግሥት እጅ ማዞር ጀመረ። ፊሸር ይህ አካሄድ አላማረውም። «ሪደርስ ዳይጀስት» መጽሔት ላይ የፍሪድሪክ ሃየክን «የባርነት ጎዳና» የተሰኘ መጽሐፍ አጭር ቅጂ አንብቦ ነበርና፣ ሃየክ ያስተምርበት ወደነበረው የለንደን ኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ሄዶ አማከረው። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ፓርላማ ልግባ ወይስ ምን ላድርግ?

ሃየክ ፖለቲካውን እንዲተወው መከረው። ፖለቲከኛ የሕዝቡን አስተሳሰብ ተከትሎ የሚሄድ ሰው ነው፤ የሕዝቡን አስተሳሰብ የሚቀርጹት ደግሞ አስተማሪው፣ ጋዜጠኛውና ጸሐፊው ናቸው፤ እነሱ ጋ የሚደርስ ሥራ ሥራ፣ ነበር የምክሩ ፍሬ ነገር።

ፊሸር ምክሩን ተቀበለ፤ ችግሩ ገንዘብ አልነበረውም። ገንዘቡን ያመጡለት ዶሮዎች ናቸው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ሄዶ ዶሮ በአንድ ጣሪያ ሥር በሺህ የሚረባበትን ዘዴ አየና፣ ተመልሶ «በክስቴድ» የተባለውን የዶሮ ኩባንያ አቋቋመ። በዚያን ጊዜ ለእንግሊዝም ቤተሰብ ቢሆን ዶሮ እንደኛው የበዓል ምግብ ነበር፤ የዘወትር ምግብ ያደረጉት እነ ፊሸር ናቸው። ከዶሮው በተገኘው ገንዘብም በ1955 ለንደን ውስጥ «የኢኮኖሚ ጉዳዮች ኢንስቲትዩት» የሚባለውን ተቋም መሠረተ። ተቋሙ ከሃያ ዓመት በላይ ቀጫጭን መጻሕፍት እያሳተመ ኖረ። ብዙ ሰው ከቁም ነገር አልቆጠረውም። በ1979 ማርጋሬት ታቸር ሥልጣን ስትይዝ ግን ይዛ የገባችው ሐሳብ አብዛኛው በነዚያ ቀጫጭን መጻሕፍት ሲብላላ የከረመ ነበር። ፊሸር በ1981 ደግሞ «አትላስ» የተባለ ሌላ ድርጅት አቋቋመ። የዚህኛው ሥራ በየአገሩ መሰል ተቋማት እንዲፈለፈሉ ማገዝ ነው። ዶሮ አርቢ አይደል!

አሁን ወደ ቢራው እንለፍ። ጆሴፍ ኩርስ ይባላል፤ ስሙ ለኛ ጆሮ «ቁርስ» ቢመስልም የሚሸጠው ለማታ ነው። አያቱ አዶልፍ ኩርስ ከጀርመን ምድር ተሰዶ የመጣ ጠማቂ ሲሆን፣ በ1873 ኮሎራዶ ግዛት ውስጥ ጎልደን በምትባል ከተማ ፋብሪካውን አቋቋመ። የልጅ ልጁ ጆሴፍ የኬሚካል ምህንድስና ተምሮ በቤተሰቡ ፋብሪካ ያደገ ሰው ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የኩርስ ቢራ ከ11 የምዕራብ ግዛቶች ውጭ አይሸጥም ነበር። የባለቤቱ ገንዘብ ግን ከቢራው ቀድሞ ዋሽንግተን ገባ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጊዜው የቬትናም ጦርነት ተቃውሞ፣ የተማሪዎች አመፅና የሸማቾች መብት ንቅናቄ የተጧጧፈበት ነበር። ነጋዴው «የሚጠላኝ በዛ፣ የሚከራከርልኝ ጠፋ» የሚልበት ዘመን። በነሐሴ 1971 ሉዊስ ፓወል የተባለ የሪችመንድ ቨርጂኒያ የኩባንያዎች ጠበቃ ለአሜሪካ የንግድ ምክር ቤት አንድ ምሥጢራዊ ማስታወሻ ጻፈ። የንግዱ ዓለም በዩኒቨርሲቲው፣ በቴሌቪዥኑና በፍርድ ቤቱ እየተሸነፈ ነው፤ ስለዚህ ተደራጅቶ፣ ምሁራን አሰባስቦ፣ ለረጅም ጊዜ ገንዘብ መድቦ መከራከር አለበት የሚል ነው። ጸሐፊው ከጥቂት ወራት በኋላ በፕሬዚዳንት ኒክሰን ዕጩነት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነ። ማስታወሻው ጋዜጠኞች እጅ ገብቶ በ1972 ይፋ ወጣ።

ማስታወሻው ልባቸውን ከነካቸው ሰዎች አንዱ ኩርስ ነው። ገንዘቡን የት እንደሚያውል ሲያጠያይቅ በኮንግረስ ይሠሩ ከነበሩ ወጣት ረዳቶች ጋር ተገናኘ። አንዱ ፖል ዋይሪክ ነው፤ የኮሎራዶው ሴናተር የጎርደን አሎት ረዳት። ሌላው ኤድዊን ፉልነር ይባላል። ሁለቱን ያንገበገባቸው ነገር ነበር። ከድምፅ የሚፈጥን የመንገደኞች አውሮፕላን ለመሥራት መንግሥት ገንዘብ ይስጥ አይስጥ ተብሎ በ1971 ሴኔቱ ድምፅ ሲሰጥ፣ በጉዳዩ ላይ «አሜሪካን ኢንተርፕራይዝ ኢንስቲትዩት» ያዘጋጀው ጥሩ ጥናት እጃቸው የደረሰው ድምፁ ከተሰጠ በኋላ ነው። ለምን ዘገየ ቢሉ፣ በድምፁ ላይ ተጽዕኖ ማሳደር ስላልፈለግን ነው ተባሉ። ሁለቱ ወጣቶች ይህን ሲሰሙ አበዱ። ሰርግ ካለፈ በኋላ የሚደርስ ጠላ ምን ያደርጋል?

እናም በየካቲት 1973 «ሄሪቴጅ ፋውንዴሽን» የተባለው ተቋም ተመሠረተ። ኩርስ ለመነሻው 250,000 ዶላር ሰጠ። ለአንድ የቢራ ፋብሪካ ባለቤት ይህ ገንዘብ የማስታወቂያ ወጪ ያህል እንኳ ላይሆን ይችላል። የተቋሙ አሠራር ከቀደሙት ልዩ ነበር። ሦስት መቶ ገጽ ያለው መጽሐፍ ማን ያነብለታል! ጥናቱ አንድ የምክር ቤት አባል ከአውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ ኮንግረስ እስኪደርስ በመኪና ውስጥ አንብቦ የሚጨርሰው መሆን አለበት። በእጅ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ፣ ከድምፅ አሰጣጡ በፊት የሚደርስ፣ «ይህን ደግፍ፣ ያን ተቃወም» የሚል። ዛሬ ይህ ተራ ነገር ይመስላል። ያኔ ግን ምሁርን ከቤተ መጻሕፍት አውጥቶ እንደ ፈጣን መልእክተኛ ያሰማራ አዲስ ፈጠራ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ሒሳቡን እንሥራ፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው ሒሳቡ ላይ ነውና። ከዋተርጌት ቅሌት በኋላ በ1974 የአሜሪካ ኮንግረስ የምርጫ ገንዘብ ሕጉን አጠበቀ። አንድ ግለሰብ ለአንድ ዕጩ በአንድ ምርጫ ከ1,000 ዶላር በላይ እንዳይሰጥ ተከለከለ። በዓመት ለሁሉም ተደምሮ ደግሞ ከ25,000 ዶላር እንዳያልፍ ጣሪያ ተበጀለት። የሰጪው ስም ተመዝግቦ ይፋ ይሆናል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1976 እነዚህን ጣሪያዎች አጸናቸው። ለቲንክ ታንክ የሚሰጠውስ? እሱማ በሕግ ዓይን በጎ አድራጎት ነው! ጣሪያ የለውም። የሰጪው ስም ለሕዝብ እንዲገለጽም ሕጉ አያስገድድም። ይባስ ብሎ ከግብር ይቀነሳል። በ1970ዎቹ የገቢ ግብር ከፍተኛው እርከን 70 በመቶ ነበር። በዚያ እርከን ላይ ያለ ሀብታም አንድ ዶላር ለጥናት ተቋም ሲለግስ ከኪሱ በእውነት የሚወጣው 30 ሳንቲም ነው፤ የቀረው 70 ሳንቲም መንግሥት ያጣው ግብር ነው። የድግሱን ሁለት ሦስተኛ ጎረቤት አውጥቶለት ልጁን እንደዳረ ሰው ማለት ነው። ለዕጩ የሚሰጠው ገንዘብ ግን ከግብር አይቀነስም።

እንግዲህ ብልህ ነጋዴ የቱን ይመርጣል?

ውጤቱ ለመታየት ስምንት ዓመት ብቻ ነው የፈጀው። ሮናልድ ሬገን በኅዳር 1980 ሲመረጥ ሄሪቴጅ ዝግጁ ሆኖ ጠበቀው። በጥር 1981 የወጣው «የአመራር አደራ» ብለን ልንተረጉመው የምንችለው ሰነድ ከ1,000 ገጽ በላይ ነበር፤ በየመሥሪያ ቤቱ ምን ይቀየር፣ የቱ ደንብ ይሰረዝ፣ የቱ በጀት ይቆረጥ የሚሉ ወደ 2,000 የሚጠጉ ምክሮች ይዟል። ሬገን ለሚኒስትሮቹ አደለው። ተቋሙ ራሱ እንደሚለው ከምክሮቹ ወደ 60 በመቶ የሚሆኑት በመጀመሪያው ዓመት ተሠርተዋል ወይም ተጀምረዋል። ተቋም ስለ ራሱ ሲናገር ትንሽ ጨው መጨመሩ አይቀርም። ሆኖም ግማሹን እንኳ እውነት ብንል ስንት ሕግ ነው!

ኩርስ ደግሞ ከሬገን የቅርብ ባለሀብት አማካሪዎች አንዱ ነበር። አሜሪካኖቹ «የወጥ ቤት ካቢኔ» ይሏቸዋል፤ እኛ ብንሆን የጓዳ መማክርት እንላቸዋለን። አንድ ምሳሌ ልጨምር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ኩርስ «ማውንቴን ስቴትስ ሊጋል ፋውንዴሽን» የተባለ የጠበቆች ድርጅት እንዲቋቋም አድርጎ ነበር። ሥራው መንግሥት በመሬትና በአካባቢ ጥበቃ ላይ የሚያወጣቸውን ደንቦች በፍርድ ቤት መሟገት ነው። የመጀመሪያው ኃላፊ ጄምስ ዋት ይባላል። በ1981 ሬገን ዋትን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር አድርጎ ሾመው፤ ማለትም ሲከሰው የነበረውን ሰፊ የመንግሥት መሬት አስተዳዳሪ ሆነ! ዋት በ1983 ከሥልጣን ወረደ፤ መንገዱ ግን ተጠርጓል። ከጥናት ተቋም ወደ ሚኒስቴር፣ ከሚኒስቴር ወደ ጥናት ተቋም መመላለስ ከዚያ በኋላ የተለመደ ሆነ።

ታዲያ ኩርስ ብቻውን ነበር እንዳትሉ። ብዙም ሳይቆይ ከሱ የባሰ መጣ፤ የሜለን ባንክ ቤተሰብ ወራሽ የሆነው ሪቻርድ ሜለን ስኬፍ። ዋሽንግተን ፖስት በ1999 አስልቶ እንዳወጣው ስኬፍና የቤተሰቡ ፋውንዴሽኖች በአራት አሥርት ዓመታት ውስጥ ለወግ አጥባቂ ተቋማትና ዓላማዎች ቢያንስ 340 ሚሊዮን ዶላር ሰጥተዋል። በሄሪቴጅ ሰዎች ዘንድ ቀልድ ነበረች፤ ኩርስ የሚሰጠው በስድስት ጠርሙስ ጥቅል ነው፣ ስኬፍ ግን በሳጥን ነው የምትል።

አሁን ሁለቱን መንገዶች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ኩርስ የመጀመሪያውን፣ ማለትም ቀጥተኛውን መንገድም ሞክሯል። በ1985 የኒካራጓን መንግሥት ይወጉ ለነበሩት ኮንትራዎች መርዳት ፈልጎ ወደ ሲአይኤው ኃላፊ ወደ ዊሊያም ኬሲ ሄደ፤ ኬሲ ወደ ኮሎኔል ኦሊቨር ኖርዝ መራው፤ ኩርስም ለአንዲት ትንሽ አውሮፕላን መግዣ 65,000 ዶላር ሰጠ። ነገሩ በ1987 ፈነዳና ሰውየው ኮንግረስ ፊት ቀርቦ በቴሌቪዥን እየታየ መሰከረ። ለአንዲት አውሮፕላን ያን ሁሉ ጣጣ! ለሄሪቴጅ የሰጠው ግን ማንም ፊት አላስቀረበውም፤ የሠራውም ሥራ ከአውሮፕላኗ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሌላም አለ። የካንሳሱ ባለሀብት ዴቪድ ኮክ በ1980 የሊበርታሪያን ፓርቲ የምክትል ፕሬዚዳንት ዕጩ ሆኖ ቀረበ። ዕጩ ከራሱ ኪስ የሚያወጣው ገንዘብ ጣሪያ የለውምና ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ያገኙት ድምፅ 1 በመቶ ገደማ። ወንድሙ ቻርልስ ኮክ በ1977 እንዲመሠረት የረዳው «ኬቶ ኢንስቲትዩት» ግን እስከ ዛሬ የኮንግረስ አባላት የሚጠቅሱት ተቋም ነው። በቅርቡም ተመሳሳይ ነገር አይተናል። ኢሎን መስክ በ2024 ምርጫ ዶናልድ ትራምፕን ለመደገፍ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ፤ በሰኔ 2025 ሁለቱ ባደባባይ ተሰዳደቡ። ሰው ይኮርፋል፣ ይከዳል፣ ይሞታል። ቢሮ፣ መዝገብና ሠልጥኖ የወጣ ተተኪ ግን ይቀራል።

እዚህ ላይ ሚዛኔን ልጠብቅ። ኩርስ ትርፍ ብቻ የሚያሳድድ ሰው ነበር ብዬ ብጽፍ ታሪኩን ማዛባት ይሆንብኛል። ሰውየው ያመነበትን ነው ያደረገው፤ ዋጋም ከፍሎበታል። በ1977 የጎልደን ፋብሪካው ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ የሠራተኛ ማኅበራቱ ኅብረትም «ይህን ቢራ አትጠጡ» የሚል አድማ ጠርቶ እስከ 1987 አሥር ዓመት ቆየ። የቤተሰቡ የፖለቲካ አቋም ለአድማው ማገዶ ሆነ። ነጋዴ ለገንዘቡ ብቻ ቢያስብ ኖሮ አፉን ዘግቶ ቢራውን ይሸጥ ነበር።

ደግሞም ጨዋታው የአንድ ወገን አይደለም። ዛሬ ብዙዎች ወደ መሐልና ወደ ግራ ያስጠጉት «ብሩኪንግስ» ስሙን ያገኘው ከሴንት ሉዊሱ ነጋዴ ከሮበርት ብሩኪንግስ ነው፤ መነሻው 1916 ነው። የአንድሩ ካርኔጊ የሰላም ተቋም በ1910 ሲመሠረት 10 ሚሊዮን የብረት ዶላር ፈሶበታል። ዲሞክራቶቹም የሄሪቴጅን ሥራ አይተው በ2003 «ሴንተር ፎር አሜሪካን ፕሮግረስ» የተባለውን ሲያቋቁሙ እነ ጆርጅ ሶሮስ ኪሳቸውን ከፍተዋል። መንግሥታትም ገብተውበታል። ኒውዮርክ ታይምስ በመስከረም 2014 እንደጻፈው፣ ኳታር ለብሩኪንግስ በአራት ዓመት የሚከፈል 14.8 ሚሊዮን ዶላር ቃል ገብታ ነበር። በረሃ ውስጥ ያለች አገር ዋሽንግተን ውስጥ ሐሳብ ታስጠምቃለች።

«እሺ፣ ገንዘቡ ሐሳቡን ይለውጠዋል ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። የኔ መልስ፣ ብዙውን ጊዜ አይለውጠውም የሚል ነው። ማንም ባለሀብት ጸሐፊ ጠርቶ «እንዲህ ብለህ ጻፍ» የሚልበት ምክንያት የለውም፤ እንዲህ ብሎ የሚጽፈውን ፈልጎ ይቀጥረዋል እንጂ። ሃየክ ያን መጽሐፍ ሲጽፍ የዶሮ ገንዘብ አልነበረም። ፉልነርና ዋይሪክም ኩርስን ከማግኘታቸው በፊት አቋማቸው ያው ነበር። በአንድ አገር በአንድ ጊዜ መቶ ዓይነት ሐሳብ አለ። ገንዘቡ ከመቶው ሦስቱን መርጦ ቢሮ ይከራይላቸዋል፣ ማይክሮፎን ይሰጣቸዋል፣ ሃያ ዓመት ያኖራቸዋል። የቀሩት ዘጠና ሰባት ውሸት ስለሆኑ አልሞቱም፤ የሚያኖራቸው ስላጡ ነው። አንባቢው ደግሞ የሚያየው የተረፉትን ስለሆነ «የዘመኑ አስተሳሰብ» ይላቸዋል።

አንዳንዴ ግን ነገሩ ከመምረጥ ያልፋል። የሄሪቴጁ ተመራማሪ ስቱዋርት በትለር በ1989 እያንዳንዱ አሜሪካዊ የጤና መድን እንዲገዛ ሕግ ያስገድደው የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሐሳቡ አድጎ በ2006 በሪፐብሊካኑ ሚት ሮምኒ ዘመን በማሳቹሴትስ ሕግ ሆነ። በ2010 ግን ባራክ ኦባማ ሲወስደው ሄሪቴጅ የገዛ ልጁን ካደ፤ ግዴታውን ከተቃወሙት ግንባር ቀደሞች አንዱ ሆነ። እንደ ኬቶ ያለ ተቋም ደግሞ ሌላ ፈተና ገጠመው። በ2012 የኮክ ወንድማማቾች በተቋሙ የባለድርሻነት ጉዳይ ፍርድ ቤት ሄዱ። ተመራማሪዎቹ ነፃነታችን ተነካ ብለው ጮኹ፤ ነገሩ በዚያው ዓመት በስምምነት አለቀ፤ የባለድርሻነቱም አሠራር ቀረ። በኛ አገር የበሉበትን ሰሃን የሚሰብር ሰው «ወጪት ሰባሪ» ይባላል፤ ስድብ ነው። ለተመራማሪ ግን ወጪት መስበር አንዳንዴ የሥራ ግዴታ ነው። ያን ቀን ምን ያህሉ ይደፍራል?

«ታዲያ ይህ ሁሉ ከኛ ጋር ምን አገናኘው?» ካላችሁ፣ ያገናኘዋል። ሄሪቴጅ ከ1995 ጀምሮ የአገሮችን «የኢኮኖሚ ነፃነት» የሚለካ የደረጃ ሠንጠረዥ ያወጣል። ኢትዮጵያ ከዝቅተኞቹ ጎራ ሳትወጣ ኖራለች። በ2000ዎቹ የመንግሥታችን ሰዎች «ኒዮሊበራል» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ሲወረውሩ፣ ሌላው ወገን ሠንጠረዡን እንደ ቴርሞሜትር እያነበበ ይመልስ ነበር። ሁለቱም ወገን ሚዛኑን ማን እንደሠራውና ማን እንደከፈለበት ሲያነሣ ብዙም አልሰማሁም። ሚዛኑ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ነገር ግን ቅቤ ስንገዛ እንኳ የሚዛኑን ባለቤት ዓይን ዓይኑን እናያለን።

ከዚህ የቀረበም አለ። ሄሪቴጅ በ2023 ያንኑ የ1981 ሰነድ ስም የያዘ ወደ 900 ገጽ የሚሆን አዲስ መጽሐፍ አወጣ፤ «ፕሮጀክት 2025» የሚባለው ነው። ትራምፕ በምርጫው ወቅት «አላውቀውም» ቢልም ከጸሐፊዎቹ አንዳንዶቹ በ2025 ሹመት አግኝተዋል። መጽሐፉ ስለ ዩኤስኤይድ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ነበረው። ምዕራፉ ድርጅቱ ይዘጋ አላለም፤ በጀቱ ቢያንስ ወደ 2019 ደረጃ ይመለስ፣ አሠራሩም ይለወጥ ነው ያለው። መንግሥቱ ግን ከመጽሐፉ አልፎ ሄደ፤ ድርጅቱ በሐምሌ 1 ቀን 2025 ሥራውን አቆመ። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ እርዳታ ዋነኛ ተቀባዮች አንዷ ነበረች። ዕርዳታው ገና እንደታገደ በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ ወደ 5,000 የሚጠጉ የጤና ባለሙያዎች ውላቸው ተቋረጠ። ይህን ሁሉ ኩርስ አደረገው አልልም፤ ሰውየው በ2003 አርፏል፤ ውሳኔውም የሌሎች ነው። ነገር ግን እርዳታ የለመደ አገር የሚኖረው ሌሎች በሚጽፉት መጽሐፍ ምዕራፍ ውስጥ መሆኑን ልብ ማለት ደግ ነው። ጥገኝነቱ ጥሩ ነበር ወይ የሚለው ክርክር የራሳችን ነው፤ ምዕራፉን የጻፉት ግን ሌሎች ናቸው።

የራሳችንንስ ጉዳይ? እኛ ዘንድ ለሐሳብ የሚከፍል ቱጃር ብርቅ ነው። የኛ ባለሀብት ቤተ ክርስቲያን ያሠራል፣ መስጊድ ያሠራል፣ ለቡድን ማሊያ ይገዛል፣ መንግሥት መዋጮ ሲጠራ በቴሌቪዥን ቼክ ያነሣል። ለጥናት ክፈል ቢሉት «ምን ይገኝበታል?» ይላል። ስለዚህ የምርምር ተቋሞቻችን ባብዛኛው የኖሩት ወይ በመንግሥት በጀት ወይ በውጭ ለጋሽ ነው። በ2009 የወጣው የበጎ አድራጎትና ማኅበራት አዋጅ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብአዊ መብትና በመልካም አስተዳደር ዙሪያ እንዳይሠሩ ከለከለ። «የውጭ ገንዘብ የውጭ ሐሳብ ያመጣል» ነው ሥጋቱ። ሥጋቱ መሠረት የለውም አልልም፤ የኳታርን ታሪክ አሁን አይተናል። መድኃኒቱ ግን በሽተኛውን ገደለው፤ የውጭው ገንዘብ ሲቀር የአገር ውስጡ ቦታውን አልተካም፤ የተሰማው ዝምታ ነው። አዋጁ በ2019 በሌላ ተተክቷል። ጉድለቱ ግን አለ፤ በገዛ ገንዘባችን ስለገዛ ራሳችን የሚያስብልን ሰው የሚያኖር ልማድ አልፈጠርንም።

ልማዱን ስንፈጥር ከየት እንጀምር ቢባል፣ እኔ ሩቅ አልሄድም። ጣና ላይ፣ ደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴን ያየ ሰው ያውቀዋል። በእመቤታችን ሥዕል ሥር እቴጌ ምንትዋብ በግንባራቸው ተደፍተው ተሥለዋል። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እሳቸው ናቸው። በብዙ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት እንዲሁ ነው፤ ያሠራው ወይም ያሣለው ሰው ከሥዕሉ ግርጌ ተንበርክኮ ወይም ተደፍቶ ይታያል፤ ስሙም ይጻፋል። ያን ሥዕል የሚያይ ምእመን ሁለት ነገር አብሮ ያያል፤ ቅድስቲቱንና ከፋዩን። ከፋዩ ስለታየ የሥዕሉ ክብር አልቀነሰም። ማን እንዳሣለው ማወቅ ሥዕሉን ከማክበር አይከለክልም፤ የሚያየውን ሰው ግን ከመታለል ይጠብቀዋል።

የዛሬው ጥናት የጎደለው ይህ ነው። ሽፋኑ ያምራል፣ ሠንጠረዡ ይደምቃል፣ ግርጌው ላይ ግን የተደፋ ሰው አይታይም። ስለዚህ በሬዲዮ «ጥናቶች እንደሚያመለክቱት» ሲባል በሰማችሁ ቁጥር፣ «እሺ፣ ማን አስጠናው?» በሉ። የኛ ወገን ጥናት ሲሆንም በሉ፤ ያኔ ነው ጥያቄው የሚከብደው። ጋዜጠኛም «ተንታኝ» ብሎ እንግዳ ሲያቀርብ ከስሙ ቀጥሎ ደመወዝ ከፋዩን ቢጠቅስልን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚፈጅበት። የሚሰጥ ባለሀብት ከተገኘም ይስጥ፤ ይበርታ። ስሙን ግን ከግርጌው ይጻፍልን፤ እኛም አንብበን፣ መዝነን፣ የሚጥመንን እንውሰድ።